የመጠጥ ሱሰኛ ወደ ጠበል ሲሄድ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽንቁሩ ሚካኤል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ወዳሉት ጠበሎች ቤተሰብ ደግፎ ከሚያመጣቸው መካከል አረቄ፣ ጫት፣ አሁን አሁን ደግሞ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን የያዛቸው ወገኖች አሉ። ማምጣቱ መልካም ነው። አደጋው «ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይቅመስ» ተብሎ ሁሉም እኩል መያዙ ላይ ነው።

ጫት በአንዴ ቢቆም ድካም፣ ድብርትና የሌሊት ዱካክ ያመጣል፤ ቀን እያለፈ ይቀላል። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን ለብቻው አይተው።

አረቄ ሌላ ነው። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት ሳይጎነጭ እጁ የማይረጋ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በአልኮል ተጭኖ የኖረው አንጎል ከመጠን በላይ ይነቃል። ካቆመ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ባለፉ ጊዜ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል። ካቆመ እስከ 48 ሰዓታት ድረስ እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ጾም ሲታከልበት፣ የጠጣው ሁሉ ሲያስመልሰው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጾሙን አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ መንገር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም።

ስሕተቱ የሚበዛው ሲጥለው ነው። «መንፈሱ ጮኸ» ይባልና ይታሰራል፣ ክብሪት ይለኮስና አፍንጫው ሥር ይያዛል። መንፈስ የለም አንልም፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቀን የወደቀ ጠጪ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ጠበልም ቢሆን እስኪነቃ አታጠጡት። ራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሲረጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ከደገመው ወይም ካልነቃ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ከሁሉም የሚሻለው ከማቆሙ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል ማሳየት ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ዳያዚፓም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት አዝዞ መጠኑን በየቀኑ እየቀነሰ በሳምንት ገደማ ያቆመዋል። ቫይታሚን ቢ-1ም ይሰጠዋል፤ ምግብ ትቶ በአረቄ የኖረ ሰው ይህ ሲጎድለው ይወላገዳል፣ የማስታወስ ችሎታውንም ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ግሉኮስ የሚተከልለት ከሆነ ጠጪ መሆኑን ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ቢ-1 መቅደም አለበት። (ማፈር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።) ዳያዚፓሙን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ይህ እምነት ማጣት የሚመስለው ሰው ሲራክ ምዕራፍ 38ን ያንብብ፦ ታማሚው እንዲጸልይና ንስሐ እንዲገባ ካዘዘ በኋላ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጠው ይመክራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለሱስም መንገዱ ያው ነው።

ትራማዶል የለመደ ሰው ጠበል ቆይቶ ሲመለስ ጌታ በማቴዎስ 12 የወጣው ርኩስ መንፈስ ሰባት ሌሎችን ይዞ ስለሚመለስበት ባዶ ቤት የተናገረው ይመለከተዋል፤ በአካልም ጭምር። ለሳምንታት ከተወው በኋላ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን አይችልም። ያኔ ይለምደው የነበረው ፍሬ ቁጥር አሁን ሊገድለው ይችላል፤ አረቄ ከታከለበት ደግሞ ይከፋል። ይህንን ከመውጣቱ በፊት በግልጽ ንገሩት። እያንኮራፋ ተኝቶ ሲቀሰቀስ የማይነቃ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ትንፋሹ የራቀ ከሆነ «ይተኛ» አትበሉ፤ በጎኑ አድርጋችሁ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።