ከአዲስ ነጻ አገር ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አመሠራረት፦ የደቡብ ሱዳን ሁኔታ

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ የየአገሩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበሩት። ዕውቅና መስጠት አንድ መንግሥት ብቻውን የሚወስነው ነው። ግንኙነት መመሥረት ግን በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በተፈረመው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 2 መሠረት የሁለቱን ወገኖች ፈቃድ ይጠይቃል። እስራኤል ለምሳሌ ሐምሌ 3 ዕውቅና ሰጥታ ግንኙነቱን የመሠረተችው ሐምሌ 21 ነው።

የመጀመሪያው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስምምነት ቆሞ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. እንደገና አገርሽቶ እስከ 1997ቱ የሰላም ስምምነት ዘለቀ። በጥር 2003 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶው ድምፅ ሰጪ ነጻነትን መረጠ። ካርቱም ከሁሉ ቀድማ በነጻነቱ ዋዜማ ዕውቅና መስጠቷ የሌሎቹን ሥራ አቀለለ፤ እናት አገር ሳትፈቅድ የሚሰጥ ዕውቅና በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባት ተብሎ ያስከስሳልና። አዲሲቱ አገር ሐምሌ 7 የተባበሩት መንግሥታት 193ኛ አባል ሆነች።

ድንበሩ ሙሉ በሙሉ አለመካለሉ ዕውቅናውን አላገደም። ሁለቱ አገሮች ስለሚወዛገቡባት የድንበር ግዛት ስለ አቢዬ የሽግግር ስምምነት የተፈረመው ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከሳምንት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 4,200 ወታደር የሚይዝ ኃይል ሲፈቅድ፣ ሁለቱም ወገኖች አምነው የተቀበሏት ኢትዮጵያ ሠራዊቷን አሰማራች። የአቢዬ ባለቤትነት ግን ዛሬም አከራካሪ ነው።

ግንኙነቱ የሚመሠረተው በጋራ መግለጫ ወይም በደብዳቤ ልውውጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የአገሮቹ ቋሚ መልዕክተኞች ይፈረማል። ሰነዱ በሁለት ዋና ቅጂ ይዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ወገን በሚያስቀረው ቅጂ ላይ የራሱን አገር ስም ያስቀድማል። የሚጸናበት ቀንና «በአምባሳደር ደረጃ» የሚለው ሐረግ መቅረት የለባቸውም። ቀኑ ከተዘለለ ግንኙነቱ መቼ እንደጀመረ ኋላ ያነታርካል። የአገሩም ስም ሙሉ ስሙ፣ «የደቡብ ሱዳን ሪፐብሊክ»፣ ይሁን፤ ከድሮ ፋይል የተገለበጠ ስያሜ ሰነዱን ያስመልሳል።

ቀጥሎ የእጩው አምባሳደር ስምና የሕይወት ታሪክ በምስጢር ለተቀባይዋ አገር ይላካል። ይሁንታው ሳይመጣ ሹመቱን ይፋ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው፤ ተቀባይዋ እምቢ ካለች ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለባትም። ይህ ወራት ስለሚፈጅ ኤምባሲው አምባሳደር እስኪሾም በሚመራው ዲፕሎማት፣ በጉዳይ ፈጻሚ፣ ይከፈታል። አሜሪካ ጁባ የነበረውን ቆንስላዋን በነጻነቱ ዕለት ወደ ኤምባሲ ያሳደገችው በጉዳይ ፈጻሚ ነበር፤ የመጀመሪያዋ አምባሳደር ሱዛን ፔጅ የተሾሙት ከወራት በኋላ ነው።

የሹመት ደብዳቤው ከርዕሰ ብሔር ለርዕሰ ብሔር የሚጻፍ ነው። ዋናው በፖስታ ታሽጎ ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል፤ ያልታሸገው ትክክለኛ ግልባጭ ቀደም ብሎ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይገባል። ለነባር አገር የቀድሞው አምባሳደር ወደ አገሩ የተጠራበት ደብዳቤ አብሮ ይቀርባል፤ ለአዲስ አገር ግን ተሰናባች ስለሌለ ይህ አያስፈልግም። አምባሳደሩ ሥራ ጀመረ የሚባለው ዋናው ደብዳቤ ሲቀርብ ነው ወይስ ግልባጩ ሲገባ የሚለውን የተቀባይዋ አገር አሠራር ይወስነዋል፤ አሠራሩ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። የአምባሳደሮች ቅደም ተከተል የሚያዘውም በዚሁ ቀንና ሰዓት ነው።

ቤት ኪራይ ቀላል አይደለም። ጁባ ያን ጊዜ በጄኔሬተር የምትኖር ከተማ ስለነበረች ነዳጅና ውሃ በበጀቱ መግባት ነበረባቸው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድም ሐምሌ 11 ሥራ ላይ ስለዋለ፣ በውሉ ላይ «ፓውንድ» ብቻ ብሎ መጻፍ የየትኛው አገር እንደሆነ አይለይም ነበር። በጀት ያጠረው መንግሥት በአንቀጽ 5 መሠረት ጎረቤት አገር ያለውን አምባሳደሩን ደርቦ ሊሾም ይችላል፤ ለሁለቱም አገሮች ግን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ከሁለት አንዳቸው በግልጽ ከተቃወሙ ሹመቱ አይሆንም።