ቀንዱ ዛፍ የሆነ አጋዘን፦ በጎንድ ሥዕል ያሉ ድቅል እንስሳት

የማዕከላዊ ሕንድ ጎንዶች አጋዘን ሲስሉ ቀንዱን ብዙ ጊዜ ቀንድ ብቻ አድርገው አይተዉትም። ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅጠል ይለብሳል፣ ወፍ ይሰፍርበታል። እንዲህ ያሉ ድቅል ፍጥረታት ዛሬ የጎንድ ሥዕል መታወቂያ ሆነዋል።

በወረቀትና በሸራ የምናውቀው የጎንድ ሥዕል ግን ዕድሜው አጭር ነው። ቀድሞ ሴቶች የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳና ወለል ዲግና በሚባል ጌጥ ያስውቡ ነበር። ተረቱንና የትውልድ ሐረጉን የያዙት ደግሞ ፓርዳን የሚባሉት አዝማሪዎች ናቸው፤ ባና የተሰኘ ባለ ክር መሣሪያ እየመቱ ባራ ዴኦ የተባለውን ታላቅ አምላክ ያወድሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሠዓሊው ጃግዲሽ ስዋሚናታን ቦፓል ከተማ ላለው ባራት ባቫን ለተባለ የኪነ ጥበብ ማዕከል የገጠር ሥራ እንዲያሰባስቡ የላካቸው ሰዎች ፓታንጋር ከምትባል መንደር ጃንጋር ሲንግ ሽያም የተባለ የፓርዳን ወጣት አገኙ። በዘፈን ብቻ ይጠሩ የነበሩት አማልክትና አራዊት በእሱ እጅ መልክ አገኙ። ሥራው በ1989 ፓሪስ፣ ፖምፒዱ ማዕከል ታየ፤ እሱ በ2001 ጃፓን ሳለ ሞተ። የከፈተው ፈለግ «ጃንጋር ካላም» ይባላል። ካላም ብዕር ማለት ነው፤ የእኛ «ቀለም» ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም።

ድቅሉ ለምን እንግዳ አይመስልም? መልሱ ያለው ቆዳው ላይ ይመስለኛል። የጎንድ ሠዓሊ አካልን በአንድ ቀለም ሞልቶ አያበቃም፤ በነጥብ፣ በጭረት፣ በዓሣ ቅርፊት ወይም በእህል ዘር ቅርጽ ያለብሰዋል። እያንዳንዱ ሠዓሊ የራሱ አሞላል አለው፤ የሚያውቅ ሰው ፊርማ ሳያይ ይለየዋል። ያው ጭረት ከአጋዘኑ አንገት ተነስቶ ወደ ግንዱ ሲዘልቅ ዓይን መጋጠሚያውን ያጣዋል። ጥላ የለም፣ ርቀት የለም፤ እንስሳውና ዛፉ አንድ ገጽ ላይ ናቸው።

ተረቱም ያግዛል። ባራ ዴኦ ዓለምን ሲፈጥር አፈር እንዲፈልግ ቁራ ይልካል፤ ቁራው ሸርጣን ያገኛል፣ ሸርጣኑም አፈሩን ከዋጠው ከምድር ትል ዘንድ ያደርሰዋል። ምድር የቆመችው ትሉ በተፋው አፈር ነው። በዚህ ተረት ላደገ ሠዓሊ እንስሳ የሥራ ባልደረባ እንጂ የመልክዓ ምድር ማስጌጫ አይደለም።

ዛሬ ገበያውን የሞላው ባለ ዛፍ ቀንድ አጋዘን አንዳንዴ ከዚህ ሁሉ የተነጠለ ጌጥ ብቻ ነው። የማዳቀሉን አስተሳሰብ ሕያው ሆኖ ማየት የፈለገ ወደ ባጁ ሽያም ቢሄድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የሕንድ መንግሥት ሽልማት የተሸለመው ይህ የፓታንጋር ሰው፣ የምግብ ቤት ግድግዳ ሊስል ለንደን ሄዶ ነበር። ሲመለስ የቢግ ቤንን ሰዓት ከአውራ ዶሮ ጋር አዋሐደው፤ ሁለቱም ሰዓት ነጋሪዎች ናቸውና። የሚሳፈርበትን 30 ቁጥር አውቶቡስ ደግሞ ታማኝ ውሻ አደረገው።