መሣሪያ ሲጠፋ ማን ይጠየቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥበቃ መሣሪያ ጠፋብኝ ካለ ሸጦታል ማለት ነው።» በሰፈራችን ፒያሳ መጋዘን የሚጠብቁት አባባ ክላሻቸው በተሰረቀ ማግስት በእግራቸው ሄደው አመለከቱ። በላስቲክ የጠቀለሉትን የፈቃድ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ሲያወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የታሰሩት ግን እርሳቸው ናቸው። ማመልከት ጥፋትን ማመን አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው እንኳ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው ብሎ ይገምታል።

«የፖሊስ ሽጉጥ ከጠፋ ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነው።» አይደለም። ሽጉጡ የሕዝብ ንብረት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል የደንብ ልብስ የለበሰውን አልለየም። የዲሲፕሊን ቅጣትም የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም። አባባ በአንድ ሌሊት የተጠየቁትን ጥያቄ ሽጉጡን የጣለው የፖሊስ ባልደረባም ሊጠየቅ ይገባል፦ የት ነበርክ? ለማን ሰጠኸው?

«የመንግሥት መሣሪያ ስለሆነ የሰፈሩን ወጣት ማፈስ፣ በር እያንኳኩ መፈተሽ ይፈቀዳል።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለቤት ብርበራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀርም ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይካሄዳል። ያለ ትእዛዝ መግባት የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ለምሳሌ እግር በእግር የሚከታተሉት ተጠርጣሪ ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ እዚያ ስለመደበቁ በቂ ጥርጣሬ ኖሮ ትእዛዝ እስኪመጣ ማስረጃው ከቦታው ሊወሰድ የሚችል ሲሆን። ሆኖም ይህ አንድን ቤት ይመለከታል እንጂ መንደሩን በሙሉ አይደለም። የተያዘ ሰውም የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ እናቱም ብትሆን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የታሰረ ሰው እንዲፈታ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጥያቄ፣ ልታቀርብለት ትችላለች።

«መሣሪያው እንዲገኝ ትንሽ መምታት ያስፈልጋል።» በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚደበድብ መርማሪን ይቀጣል። በግድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም፤ በዱላ «ወሰድኩት» ያለ ልጅ ቃሉ ሲወድቅ እውነተኛው ሌባ ሽጉጡን ይዞ እንደተሰወረ ነው።

አባባ ከተፈቱ በኋላ ጠመንጃው አልተገኘም። ወረቀቱን ግን አሁንም በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘውታል።