ሥርዓተ አምልኮ ምንድን ነው?

ሥርዓተ አምልኮ ማለት ጉባኤው በእግዚአብሔር ፊት በቆመበት ሰዓት ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚመልስና የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም የሚወስን ቅደም ተከተል ነው። በብዙ አጥቢያዎች እንደ ሰዓት ድልድል ብቻ ቢታይም፣ ከመክፈቻው ጸሎት እስከ ቡራኬው ያለው ሁሉ ጉባኤው ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው የሚያምነውን ይናገራል፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው የአኲቴኑ ፕሮስፐር የልመና ሕግ የእምነትን ሕግ እንደሚያጸና፣ ማለትም የምንጸልየው የምናምነውን እንደሚቀርጽ የጻፈውም ይህንኑ ዝምድና ያሳያል።

እዚህ ሐዋሳ በአንድ አጥቢያ ዐርብ ማታ የእሑዱን ፕሮግራም ስንከልስ፣ ወረቀቱ ላይ ለመዝሙር 45፣ ለስብከት 50፣ ለማስታወቂያ 15 ደቂቃ ተይዟል። ሰባኪው የሚጠቅሰው ይበቃል ተብሎ ለመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የተመደበ ጊዜ አልነበረም፤ የንስሐ ጸሎትም አልተጻፈም። ከመድረክ መሪውም ሆነ ከመዘምራኑ ቃሉን ሊያቃልል ያሰበ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ማንም ያላሰበውን ትምህርት ያስተምር ነበር።

የነገረ መለኮት ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በኢሳይያስ 6 ነቢዩ አስቀድሞ የእግዚአብሔርን ቅድስና ያያል፣ ከዚያ «ወዮልኝ» ይላል፣ ከመሠዊያው በተወሰደ ፍም ከንፈሩ ይነጻል፣ «ማንን እልካለሁ?» የሚለውን ድምፅ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ንስሐውን ዘለን ወደ ተልእኮው ብንሮጥ፣ ይቅርታውን ኃጢአቱን ላልተናዘዘ ሰው እንናገራለን። (ዜማው ቢያምር ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል።)

እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ንጉሥ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ፣ በእሑድ ጉባኤ የሐዋርያት ማስታወሻና የነቢያት መጻሕፍት «ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ» እንደሚነበቡ፣ የሚሰበሰበውም መባ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ገልጿል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴም ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያትና ከወንጌል የሚነበበው ከፍሬ ቅዳሴው (ኅብስቱና ወይኑ ከሚቀደሱበት ዋና ክፍል) በፊት ነው። በሁለቱም ዘንድ ንባቡ የስብከት መግቢያ ሳይሆን ራሱን የቻለ የአምልኮ ክፍል ነው፤ እግዚአብሔር ይናገራል፣ ሕዝቡ ቆይቶ ይመልሳል።

በዚያ ዐርብ ማታ ጥቂት ከተከራከርን በኋላ ማስታወቂያው ወደ መጨረሻው ሄዶ 5 ደቂቃ ቀረለት፤ ከመጀመሪያው መዝሙር ቀጥሎም አንዲት እናት ኢሳይያስ 6ን እንዲያነቡ፣ ከንባቡም በኋላ ጉባኤው ለ2 ደቂቃ በዝምታ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ ተጻፈ።