የመኪና ሂተር ራዲያተር፦ ምልክቱ፣ አፈታቱና አገጣጠሙ

የመኪና ሂተር የሚሠራው ከሞተሩ በሚተርፍ ሙቀት ነው። ሞተሩን እየዞረ የሚያቀዘቅዘው ኩላንት ሁሉም ፊት ለፊት ወዳለው ትልቁ ራዲያተር አይሄድም። ከፊሉ በሁለት የጎማ ቱቦዎች በኩል የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው የሚለየውን ላሜራ አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚያ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሌላ ትንሽ ራዲያተር አለ። ትኩሱ ኩላንት በአንዱ ቱቦ ገብቶ በሌላው ይመለሳል። ፋኑ በመካከሉ አየር ሲነፋበት፣ የሞቀው አየር ወደ እግር፣ ወደ ፊት ወይም ወደ መስታወት ይሄዳል።

ዕቃው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ቀጫጭን ቱቦዎችና በመካከላቸው ሙቀት የሚበትኑ ስስ ክንፎች ናቸው። በድሮ መኪኖች ከነሐስና ከመዳብ ይሠራ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። የሚያስቸግረው የተቀመጠበት ቦታ ነው። መሪው፣ ኤር ባጉ፣ ሬዲዮው፣ ጌጁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ከላዩ ተደርበዋል። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ የተለመዱ መኪኖች ይህ ዕቃ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። የሠራተኛው ዋጋ ግን ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው ዳሽቦርዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሂተር አልነበራቸውም። ሰው ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን ይዞ ነበር የሚሳፈረው። ከሞተሩ ውሃ ሙቀት የሚወስዱ ሂተሮች አሜሪካ ውስጥ የተለመዱት በ1930ዎቹ ነው። ናሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው ሂተር ከውጭ ንጹህ አየር ስቦ፣ በሙቅ ውሃ ራዲያተር ላይ አሳልፎ ወደ ውስጥ ይነፋ ነበር። የዛሬዎቹም መኪኖች መሠረታቸው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የነዳቻቸው ሁለት መኪኖች በዚህ ነገር ፈጽሞ አይገናኙም። ቮልስ የሂተር ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ኩላንት አታውቅም። ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ ከሚሞቅ አየር ነው። ስለዚህ ቧንቧው ከተበሳ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይህን ማንም የቮልስ ባለቤት ችላ ሊለው አይገባም። ላዳ ደግሞ ለሩሲያ ክረምት የተሠራች ናት። ሂተሯ ጠንካራ ነው፤ ውሃውን የሚዘጋውና የሚከፍተው ቧንቧ ግን በማፍሰስ የታወቀ ነው። ደግነቱ የላዳ ሂተር ዳሽቦርዱ ሳይወርድ ከሥር በኩል ይፈታል። ለመካኒክ እንዲህ ያለ አሠራር ትልቅ ውለታ ነው። የኋለኞቹ መኪና ሠሪዎች ይህን መንገድ ቢጠብቁት ምን ነበረበት እላለሁ።

የሂተር ራዲያተር መበላሸቱን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ። አንደኛው ሽታ ነው። ሂተሩ ሲከፈት ጣፋጭ ሽታ ያለው እንፋሎት ይመጣል። ሁለተኛው መስታወቱ ነው። የፊት መስታወት ከውስጥ በቅባት መሰል ጉም ይሸፈናል፣ በጨርቅ ሲጠረግም ይለቀለቃል እንጂ አይጠራም። ሦስተኛው ምንጣፉ ነው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው እግር ሥር ይርሳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኤሲው ውሃ መውረጃ ሲደፈንም ምንጣፍ ይርሳል። ያ ግን ንጹህ ውሃ ነው፣ አይሸትም። ኩላንት ግን ቀለም አለው፣ በጣት ሲነካም ያሟልጫል። ይህን ሳይለዩ ዳሽቦርድ ማውረድ የሁለት ቀን ድካም በከንቱ ማፍሰስ ነው።

የሚያፈስ ሳይሆን የተደፈነ ሂተርም አለ። ምልክቱ ሞተሩ እየሞቀ ሂተሩ አለመሞቁ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ ወደ ውስጥ የሚገቡት ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ይነካሉ። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፤ ችግሩ ከአየር መምሪያው በኩል ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቧንቧ ተዘግቷል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ኩላንት ጎድሏል፣ አየር ታምቋል፣ ወይም ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የኩላንቱን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ) ተከፍቶ ቀርቷል። የተደፈነውን አንዳንድ ጊዜ ማጠብ ይቻላል። ቱቦዎቹ ተፈተው ውሃ ከመውጫው ወደ መግቢያው በቀስታ ይለቀቅበታል። ኃይለኛ ግፊት ግን ያረጀውን ራዲያተር ይበሳዋል።

ለምን ይበላሻል? አብዛኛውን ጊዜ ከኩላንት ቸልተኝነት ነው። ኩላንት ከቅዝቃዜ መከላከያ በላይ ነው። ዝገትን የሚከላከል ቅመም አለው፤ ቅመሙ ደግሞ በጊዜ ብዛት ያልቃል። እኛ አገር ሲጎድል የቧንቧ ውሃ መጨመር የተለመደ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ይዞ ይመጣል፣ ሲሞቅ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም ቀድሞ የሚደፍነው እነዚህን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ከፍታችንም ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ላይ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን መያዝ ካቃተውና ውስጡ ባዶ ውሃ ከሆነ፣ ሞተሩ ከተለመደ የሥራ ሙቀቱ ብዙም ሳያልፍ መፍላት ይጀምራል። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ይህ ሂተሩን ያዳክመዋል፣ ሞተሩም በብርድ እየሠራ ነዳጅ ይበላል። እኔ ይህን ልማድ አልደግፈውም። የጠፋው ክዳኑና ኩላንቱ ሆኖ ሳለ ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይሆንም። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር ዱቄትና ፈሳሽም እንዲሁ ነው። ከሚያፈሰው ቀዳዳ ይልቅ ጤነኛውን የሂተር ቱቦ ሊደፍን ይችላል።

ሂተሩ ማፍሰስ ሲጀምር ጋራዦች በብዛት የሚወስዱት አቋራጭ አለ። ሁለቱን ቱቦዎች ኮፈኑ ሥር አገናኝተው ሂተሩን ከዙሩ ያወጡታል። ፍሳሹ ይቆማል፣ መኪናው ይሄዳል። ለጊዜው ያስኬዳል። ለዘለቄታው ግን ሂተር ለምቾት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ሕግ መስታወት የሚያጠራ ሥርዓት እንዲኖር ያስገድዳል፤ ሾፌር ካላየ መንዳት አይችልምና። በክረምት ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን በጉም ያለፈ ሾፌር ይህ አይጠፋውም። ኤሲ የሚሠራለት መኪና ቢያንስ አየሩን አድርቆ ይረዳል። ኤሲም ሂተርም የሌለው ሚኒባስ ግን ሰው ሞልቶ በዝናብ ሲሄድ፣ ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ በሌላው ጨርቅ ይዞ ነው የሚነዳው።

ወደ ቅየራው እንግባ። የተወሰኑ መኪኖች በጓንቲ ማስቀመጫው ወይም በመካከለኛው ኮንሶል በኩል መግቢያ ሰጥተዋል። ለሌሎቹ ግን ሙሉ ዳሽቦርድ መውረድ አለበት፤ ይህ ለለመደው መካኒክ እንኳ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል። ከዚያ ኤር ባጉ የያዘው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ይጠበቃል። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይላል፤ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ምንም አያስቀርም። የኤር ባግ ሶኬቶች በአብዛኛው ቢጫ ናቸው። በቴስተር መብራት የሚነካቸው ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። መሪው ከመውጣቱ በፊት ጎማዎቹ ቀጥ ማለት አለባቸው። ከመሪው ሥር ያለው ጥቅልል ሽቦ ከቦታው ከዞረ፣ በኋላ መሪው ሲጠመዘዝ ይበጠሳል።

ቀጥሎ ኩላንቱ ከመኪናው ወደ ዕቃ ይቀዳል። የሂተሩ ሳጥን ውስጥ የኤሲው ማቀዝቀዣም አብሮ ስላለ፣ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ መውጣት ካለበት የኤሲው ጋዝ በማሽን መሰብሰብ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ ሕገወጥ ነው፤ ለሥራውም የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ከዚያ ኮንሶሉ፣ ሬዲዮው፣ ጌጁ፣ የጎንና የሥር ፕላስቲኮቹ በየተራ ይወጣሉ። የመሪው ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ከበር እስከ በር የተዘረጋ ብረት አለ፤ እሱም ይፈታል። የፊት ወንበሮችን ማውጣት ትርፍ ሥራ ይመስላል፣ ግን ወገብን ያድናል። የሂተሩን ቱቦዎች በጉልበት መጠምዘዝ አይገባም። አሉሚኒየሙ ይሰበራል። የደረቀውን ጎማ በቁመቱ በስለት ሰንጥቆ መላጥ ይሻላል።

እውነተኛው ችሎታ የሚታየው ካቻቪቴ በመያዝ ሳይሆን ቅደም ተከተልን በመያዝ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በስልክ ፎቶ ይነሣ። የእያንዳንዱ ክፍል ብሎን በየራሱ ፌስታል ይግባና ይጻፍበት። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ሽቦ ሊበሳ ይችላል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣ መኪና ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ሽቦው የተቀጣጠለበትና የአየር መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

ዳሽቦርዱ ወርዶ ሳለ ሌሎቹን ዕቃዎች አለማየት ኪሳራ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚለየውን በር የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር አለ። ጥርሱ ሲያልቅ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። በሩ ሙቀቱ ላይ ከተጣበቀ ኤሲው ትኩስ አየር ይነፋል። ጅዳና ዱባይ ላለ ሾፌር ዋናው ስሞታ ይኸኛው ነው። ፋኑ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የተቃጠለው ብዙ ጊዜ ፋኑ ሳይሆን ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው። በበሮቹ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ሲያረጅ እየተፈረፈረ በአየር ማውጫው ይወጣል። እነዚህን ሁሉ አብሮ መጨረስ ዳሽቦርዱን ሁለተኛ ከማውረድ ያድናል።

ዕቃው አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ቱቦዎቹን ማስተያየት ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሞዴሎች በቱቦ አቀማመጥ ይለያያሉ። ያገለገለ ራዲያተር ግን አልመክርም። የነሐሱን ዓይነት ራዲያተር ሠሪ በብየዳ ያድነዋል፤ አሉሚኒየሙን በሙጫ መለጠፍ ግን አይበረክትም።

አዲሱ ከገባ በኋላ ዳሽቦርዱ ወዲያው አይዘጋ። ከተቻለ በግፊት ይፈተሽ። ካልሆነም ኩላንት ተሞልቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ መጋጠሚያዎቹ በእጅ ይነኩ። ኩላንቱ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ሚኒሶታ ለሚኖር ወገን ይህ የሞተር ሕይወት ነው። ባዶ ውሃ እዚያ ረግቶ ሲያብጥ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። ሲሞላ ሂተሩ እስከ መጨረሻው ሙቀት ይከፈት። የመኪናው አፍንጫ ከፍ ቢል የታመቀው አየር በቀላሉ ይወጣል። የተቀዳው ኩላንት መሬት ላይ አይደፋ። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፣ በትንሹም ኩላሊት ይገድላል።

አዲስ ነገር እየመጣ ያለው በኤሌክትሪክ መኪኖች ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዱ ላይ በዝተዋል። የሚተርፍ የሞተር ሙቀት እምብዛም ስለሌላቸው ለማሞቂያው የሚሆን ኃይል ከባትሪው ይወስዳሉ። አንዳንዶቹ አየሩን በኤሌክትሪክ ምድጃ በቀጥታ ያሞቃሉ፣ አንዳንዶቹ ኩላንት አሙቀው እንደ ድሮው በትንሽ ራዲያተር ያሳልፋሉ፣ ሌሎቹ የኤሲውን ሥራ ገልብጠው ሙቀት ከውጭ ይስባሉ። እዚያ ዳሽቦርድ ሥር የሚታየው ብርቱካናማ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። ሥልጠና የሌለው መካኒክ የ12 ቮልቱን ባትሪ ስለፈታ ብቻ ሊነካው አይገባም።