«አቅሟ እንዲጨምር ብዬ እኮ ነው»፦ ስለ ኩላሊትና ስለ በሽታ መከላከል አቅም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከቀፊራ ገበያ የገዙትን አረንጓዴ ዱቄት በፌስታል ይዘው መጡ። የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ነው። ከጥቁር አዝሙድና ከማር ጋር የተለወሰውን ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተውታል። ልጃቸው አልጋ ላይ ተኝታለች። እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ስርጉድ ብሎ ቀረ። «አቦ ሲስተር፣ አቅሟ እንዲጨምር ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ ከኩላሊት ታማሚዎች ጋር በነርስነት ስሠራ 11 ዓመቴ ነው። እንደዚህ ንግግር የሰለቸኝ ነገር የለም።

«ኩላሊት የሚታመመው የመከላከል አቅም ሲደክም ነው፤ መፍትሔው አቅም መገንባት ነው።»

አይደለም። ትልልቆቹ የኩላሊት ድክመት መንስኤዎች ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ከእነሱ ሌላ ግን የራሳቸው የመከላከል ሥርዓት ኩላሊታቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች አቅም አልደከመም። ያለ ቦታው በረታ እንጂ።

እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሉፐስ በሚባለው በሽታ ሰውነት የገዛ ራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርትበታል። እነዚህ ማጣሪያው ላይ ያርፋሉ። ነጭ የደም ሴሎች ተከትለው ይመጣሉ። ማጣሪያው ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደግሞ አያጣራም። ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል፤ ሽንቱ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይሠራል፤ ፊትና እግር ያብጣል። ሉፐስ ከያዛቸው 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ። እስከ ግማሽ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ይነካል።

ያቺ ልጅ 24 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጣቶቿንና ጉልበቷን ሲያማት ቤተሰቡ በ2011 ዓ.ም. ድሬን ያጥለቀለቀው የቺኩንጉንያ (መገጣጠሚያ የሚያሳምም የትንኝ ወለድ በሽታ) ርዝራዥ መስሎት ነበር። ወራት ሙሉ ዳይክሎፌናክ ዋጠች። ይህ ማስታገሻ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ለታመመ ኩላሊት ጠላት ነው። ሉፐስ መሆኑ ሲታወቅ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድና ማይኮፌኖሌት ታዘዘላት። እብጠቷ ጎደለ። ደህና ሆነች። ከዚያ አንድ ጎረቤት «ይሄ ክኒን እኮ አቅም ያዳክማል» አላቸው።

አዎ፣ ያዳክማል። የታዘዘውም ለዚሁ ነው! በራሱ ቤት ላይ የተነሳን ወታደር ትጥቅ ታስፈታዋለህ እንጂ ስንቅ አትጨምርለትም። ልጅቷ ግን ሁሉንም ክኒን በአንድ ቀን አቆመች። ስቴሮይድን እንዲህ በድንገት ማቆም ለብቻው አደጋ ነው። ለሳምንታት የወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው፣ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሽፈራውስ? ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ምግብ ነው። እኔም እበላዋለሁ። ቅጠሉ ግን ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል። ደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምት ያዛባል፣ ልብ እስከማቆምም ይደርሳል። ያን ሌሊት ልጅቷ የልብ መከታተያ ማሽን ተገጥሞላት አደረች። እናቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጋላቸው፤ ፌስታሉን ከእጃቸው አልለቀቁትም። እሳቸውን መቆጣት አልቻልኩም። የተናደድኩት «ለኩላሊት፣ ለስኳር፣ ለሁሉም ነው» ብሎ በሸጠላቸው ሰው ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለውም ውሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የተሰጠ የዕፅዋት መድኃኒት የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል።

ልጅቷ መድኃኒቷን እንደገና ጀምራለች። ፖታሲየሟ ወርዷል። የሽንቷ ፕሮቲን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

«የድሬ ውሃ ነው ኩላሊት የሚጨርሰው።» ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር የኩላሊት ማጣሪያ አይዘጋም። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ነው ጠጠር የሚያመጣው።

«ጉሮሮ ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?» ብዙ ነገር። ልጅ በባክቴሪያ ጉሮሮውን ከታመመ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ፊቱ አብጦ ሊነሳ፣ ሽንቱም ሻይ ሊመስል ይችላል። ከቆዳ ቁስል በኋላም ይመጣል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ባክቴሪያው ኩላሊት አልገባም። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የመከላከል ሥርዓት ነው ማጣሪያውን ያስቆጣው። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፤ ግን ሽንቱና ግፊቱ መታየት አለበት።

«የኩላሊት ታማሚ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ክትባት አይስማማውም።» ግማሹ እውነት ነው። ኩላሊት ሲደክም ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል፤ ነጭ የደም ሴሎችም ይዝላሉ። ለዚህ ነው የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ያሉ ሰዎችን ከልብ በሽታ ቀጥሎ በብዛት የሚገድለው ኢንፌክሽን የሆነው። ክትባት የሚያስፈልጋቸውም ለዚሁ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እጥበት ላይ ላለ ሰው በመጠን በዝቶ ይሰጣል፤ ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱም በደም ምርመራ ይታያል። አቅም የሚቀንስ ክኒን የሚወስዱ ሰዎች የሚከለከሉት ሕያው ጀርም ያለበትን ክትባት ነው፤ ስለዚህ ከመወጋታችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ እጥበት ላይ ያለ ዘመድ ካላችሁ ኃይለኛ ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ። እነሱ ላይ ትኩሳቱ ላይጎላ ይችላል። ብርድ ብርድ ካለው፣ ወይም የእጥበቱ ቱቦ የገባበት ቦታ ከቀላ፣ በዚያው ቀን አምጡት።

«ኩላሊቱን ከወንድሜ ከወሰድኩ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» ይህን ያለኝ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ለክትትል የሚመጣ ሰው ነው። በርጫ ላይ ጓደኞቹ «ወሪያ፣ የወንድምህ እኮ ያንተው ነው» ብለውት ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለለ ይውጥ ነበር። የወንድም ኩላሊትም ቢሆን ለሰውነት እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሰመረው ሰጪና ተቀባይ ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ ከዘመድ የተቀበሉትም ያለ ክኒኑ አይኖሩም። ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ክኒኑም አለ።

የሰውየው ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ) ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ደግነቱ በጊዜ ደረስንበት። ስልኩን ተቀብዬ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት እንዲጮህ ሞላሁለት።