ፊሊፕ ኒውማርክ እና የቢልሃርዚያ ትል ጥናት

ፊሊፕ ኒውማርክ በጠፍጣፋ ትሎች ላይ የሚሠሩ አሜሪካዊ የባዮሎጂ ተመራማሪ ናቸው። አንድ ህዋስ ጡንቻ ይሁን ቆዳ፣ አንጀት ይሁን የዘር ህዋስ የሚወስኑት ጂኖች የትኞቹ ናቸው? መቼስ ነው ሥራ የሚጀምሩት? ይህን ሲከታተሉ ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል ዘንድ ደረሱ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዶክትሬታቸውን የሠሩት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ባርሴሎና ሄደው ፕላናሪያን ማጥናት ጀመሩ።

ፕላናሪያ ሰው የማይጎዳ ትንሽ የውሃ ትል ነው። ቢቆራርጡት ቁራጮቹ መልሰው ሙሉ ትል ይሆናሉ። ምስጢሩ በሰውነቱ የተሰራጩት ስቴም ሴሎች ናቸው፤ ራሳቸውን ያባዛሉ፣ ወደሚያስፈልገው የህዋስ ዓይነትም ይለወጣሉ። ችግሩ የትሉን ጂኖች አንድ በአንድ የሚፈትሹበት መንገድ አለመኖሩ ነበር። በ1999 ኒውማርክና አሌሃንድሮ ሳንቼዝ አልቫራዶ ባልቲሞር በሚገኘው የካርኒጊ ተቋም መላ አገኙ። ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ወደ ትሉ በመርፌ ሲገባ፣ የተመረጠው ጂን ሥራውን ያቆማል። በ2003 መርፌውም ቀረ። አርኤንኤውን የሚያመርት ባክቴሪያ ከተፈጨ ጉበት ጋር ይለወስና ትሉ እንዲበላው ይደረጋል፤ በቃ። ከዚህ ያማረ ዘዴ ማሰብ ይከብዳል።

በ2001 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ቤተ ሙከራ ከፈቱ። በ2007 ናኖስ የተባለው ጂን ሲዘጋ ፕላናሪያው የዘር ህዋስ ማበጀት እንደሚያቅተው አሳዩ።

ትልቁ ሥራ የመጣው በ2013 ነው። የቢልሃርዚያው ትል ሺስቶሶማ ማንሶኒ የፕላናሪያ ዘመድ ነው። ወንዱና ሴቷ ተጣብቀው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ። ሴቷ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ጉበትን የሚጎዳው በዋናነት እዚያ የሚቀረው እንቁላል ነው። ትሉ በሰው ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የበሽታ መከላከያችን እያለ እንዴት? የኒውማርክ ቡድን፣ በጄምስ ኮሊንስ መሪ ጸሐፊነት፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት የሚከፋፈሉ ህዋሶችን በኬሚካል ምልክት አደረገባቸው። ምልክቱን ከቀናት በኋላ ሲከታተሉት፣ አንዳንዶቹ ጡንቻና አንጀት ሆነው ተገኙ። የአዋቂው ጥገኛ ትል አካል እንደ ፕላናሪያው ሁሉ ስቴም ሴል አለው ማለት ነው። ኤፍጂኤፍአርኤ የተባለው ጂን ሲዘጋ እነዚህ ህዋሶች መነመኑ።

የትሉ ዕድሜ የሚረዝመው በእነዚህ ህዋሶች ነው የሚለው ገና እንደ መላምት ቢታይ ይሻላል። የኮሊንስ ቡድን በ2016 ያሳተመው ግን ሐሳቡን ያጠናክረዋል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ህዋሶች ወደ ትሉ የውጭ ሽፋን ይሄዳሉ። ትሉን ከሰውነታችን ጥቃት የሚከልለውም ይኸው ሽፋን ነው።

ኒውማርክ ወደ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ወደሚገኘው ሞርግሪጅ ተቋም ከተዛወሩ በኋላ፣ በ2019 ሌላ ነገር ወጣ። የትሉ እጭ ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ በቀንድ አውጣው ቅርፊት ላይ ደግሞ ሮቲፈር የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይሰፍራሉ። ሮቲፈር ባለበት ውሃ የትሉ እጭ እንደሚፈዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተስተውሎ ነበር። የኒውማርክ ቡድን ምክንያቱ የሆነውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። እጩን ያሽመደምደዋል፤ አይጦችንም ከመያዝ አድኗል።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳያስታውስ አይቀርም። በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው እንዶድ እጩ የሚራባበትን ቀንድ አውጣ ይገድላል። የማዲሰኑ ንጥረ ነገር የሚይዘው ከቀንድ አውጣው የወጣውን እጭ ነው። በሁለቱም ሥራ ትግሉ የሚደረገው ውሃው ውስጥ፣ ትሉ ሰው ጋ ሳይደርስ ነው።

ለበሽታው ዋናው መድኃኒት አሁንም ፕራዚኳንቴል ነው። አዋቂውን ትል ይገድላል፤ ለጋው ላይ ግን ብዙም አቅም የለውም፣ ዳግም መያዝንም አያግድም። ኮሊንስ ቴክሳስ ላይ በከፈቱት ቤተ ሙከራ በ2020 ከ2,000 በላይ የትሉን ጂኖች በዚያው ጂን የመዝጋት ዘዴ ፈተሹ። የጡንቻ ጂኖችን ሥራ የሚደግፉ ሁለት ኢንዛይሞችም አገኙ። ሁለቱ ሲታገዱ ትሉ ሽባ ይሆናል፣ በተሸከመው እንስሳ ውስጥም ይሞታል። ለአዲስ መድኃኒት ፍለጋ መነሻ የሚሆኑት እንዲህ ያሉት ናቸው።